የአንቺ ድርሻ ዳቦ እኔ ዘንድ ነው

አያት፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኔና ቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ምንም እንዳልተፈጠረ በሰላምታ መጀመሬ ቅር እንደሚያሰኝሽ አውቃለሁ። መደወል እችል ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ልቅሶ እንደሚቀድመኝና መናገር ያለብኝ ነገር ሳይነገር እንደሚቀር ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን፣ የአብሮ አደጋችንን የሎጋዋን 40ኛ ዓመት ልደት አከበርን። የልደቷ ቀን የኅዳር ሚካኤል ዕለት መሆኑን አትረሺውም። ዘንድሮ በዓሉ ዓርብ ስለዋለ እራቱን ወደ ማግስቱ አዞርነው፤ ሰኞ ደግሞ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ከዚያች ቅዳሜና ከእሑድ በቀር የምንመርጠው ቀን አልነበረንም። አሥራ አራት ሰው ሆነን ተሰበሰብን።

መሰብሰብ ስልሽ እንደ ድሮው እንዳይመስልሽ። የካዛንቺሱ ሰፈራችን ለልማት ከተነሣ ወዲህ የአንድ ግቢ ሰው በከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። ሎጋዋ የካ አባዶ ናት። እናቷ ከታናሽ ልጃቸው ጋር ገላን ጉራ ገብተዋል። ከቀሩት ሴቶች ሁለቱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዷ ጀሞ ናቸው። እኔ እንደምታውቂው አያት ነኝ። ድሮ አንዷ ቡና ስታፈላ በአጥር ላይ ተጣርተን ስኒው ሳይቀዳ እንሰበሰብ ነበር። አሁን አንድ እራት ለመብላት ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ አለብን። የጀሞዋ በታክሲ እስከ ጦር ኃይሎች መጥታ፣ ከዚያ በቀላል ባቡሩ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ቆማ ነው የደረሰችው። ስትገባ እግሯ አብጦ ነበር፤ ግን ስትስቅ የገባችው እሷ ናት።

ቦታው ከአያት አደባባይ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር በቅርቡ የተከፈተ፣ ወጣቶች የሚያዘወትሩት ምግብ ቤት ነው። ግድግዳው ያልተለሰነ ጡብ ነው። ከጣሪያው ላይ አምፖሎች በረጃጅም ሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ ግቢው ጠጠር የተነጠፈበት ሲሆን ለብርዱ የከሰል ማንደጃዎች በየጠረጴዛው መካከል ይዞራሉ። በርገሩን በእንጨት ገበታ፣ የድንች ጥብሱን በትንሽ የቆርቆሮ ባልዲ ያቀርባሉ። ከአጥሩ ማዶ ገና ያልታጨደ የጤፍ ማሳ አለ። ነፋስ በመጣ ቁጥር የዓርቡ ጭስ ሽታ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ሰው አሁንም በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻውን ሰብስቦ ማቃጠሉን አልተወም። እንዲህ ያለውን ቤት ለወጣት ብቻ የተሠራ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። እኔ ወደድኩት። ማንም ሳይሽቀረቀር የሚገባበት፣ ልጆች በጠጠሩ ላይ የሚሯሯጡበት፣ ማንም «ዝም በሉ» የማይልበት ቤት ነው።

የሎጋዋን እናት፣ እማማን፣ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ትልቅ ዘንቢል እግራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡና ጠረጴዛውን ዙሪያውን ተመለከቱ። የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪው አር ኮድ በስልክ አንስቶ ማንበብ ነው። «ልጄ፣ ምግቡ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ በርገሩን በየዓይነቱ፣ ፒዛውን፣ ፓስታውን፣ የጾም ፒዛውን፣ ስፕሪሱን። ውዳሴ ማርያም እንደሚነበብላቸው ዓይናቸውን ከድነው አዳመጡ። ስጨርስ «ሽሮ የለም?» አሉ። አስተናጋጁ ገና ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመትም አይሞላው። ጎንበስ ብሎ «እዚህ ላይ የለም እናቴ፣ እኔ ግን አሠራልዎታለሁ» አላቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ መጣ። ለዚያ ልጅ አሳዳጊው ይባረክ።

ሥጋ ግን በጠረጴዛችን ላይ አልቀረበም። ያቺ ሙስሊም ጓደኛችን ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር። ሎጋዋ አስቀድማ ለሁላችንም ዓሣ አዘዘች፤ ዓሣ ጉላሽ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በላዩ ላይ የጾም ፒዛ። ከአንድ ትሪ እንድንበላ ብላ ነው። ማንም ስለዚህ ምንም አልተናገረም፤ ልጆቹም እጃቸውን ታጥበው እኩል ተሻሙ። ያኔ አባትሽ ትዝ አሉኝ። ለአንቺ ሠርግ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ በግ ገዝተው፣ ከእነሱ መካከል ሰው ለምነው አሳርደው፣ አዲስ ድስት ከገበያ ያመጡት እሳቸው ነበሩ። ድስቱን ራሳቸው ተሸክመው በሩ ላይ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ሎጋዋም ሳታስበው የእሳቸውን ሥራ እንደሠራች ተሰማኝ።

ከዚያ አስተናጋጆቹ መብራቱን ቀንሰው፣ ርችት የተሰካበት ኬክ ይዘው እየዘፈኑ መጡ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ፤ የማናውቃቸው ሰዎች ከየጠረጴዛቸው «መልካም ልደት» አሉ። ሎጋዋ ሻማውን አጥፍታ ቢላውን ስታነሳ እማማ እጇን ያዙና «ቆይ» አሉ። ዘንቢሉን ከጠረጴዛው ሥር ጎተቱት።

ድፎ ዳቦ ነበር። በገላን ጉራው ኮንዶሚኒየም ምጣድ አጥተው፣ ከጎረቤት ተውሰው፣ ሌሊት ተነሥተው የጋገሩት። ኮባውን ሲገልጡት የቅጠሉ ጅማት በዳቦው ጀርባ ላይ መስመር በመስመር ታትሟል፤ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ የከሰሉን ሽታ ሸፈነው። የቤቱ ኃላፊ መጣ። ከውጭ ምግብ ማስገባት እንደማይፈቀድ ለመናገር እንደመጣ ፊቱ ያስታውቅ ነበር። እማማ ግን ቀና ብለው «ና የኔ ልጅ፣ አንተም ትቀምሳለህ» አሉትና ወንበር ሳቡለት። ሰውየው ጥቂት ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ሄዶ ትልቅ ቢላና ንጹሕ ሰሃን ራሱ ይዞ ተመለሰ።

እማማ ቢላውን ያዙት እንጂ አልቆረሱም። «ይህን ዳቦ መቁረስ ያለብኝ እኔ አልነበርኩም» አሉ። ለልጆቹ መናገር ጀመሩ፤ ሙዚቃውንም አንድ ሰው ሄዶ አስቀነሰው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የአዲስ አበባን ሰው እንደ ቅጠል ካረገፈው ወዲህ በኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉ እንደቆየ ነገሯቸው። በ1978 ዓ.ም. በዚያው ቀን ምሽት ምጥ ሲይዛቸው ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ሰው ሰውን አያይም ነበር። ባለቤታቸው ክፍለ ሀገር ናቸው። አባትሽ ሰማያዊና ነጯን ሰይቼንቶ ታክሲያቸውን አስነሥተው፣ የመኪናዋ መብራት ጭሱን አልሰብር ሲላቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አውጥተው እያዩ፣ «ዞር በሉ! ነፍስ ይዣለሁ!» እያሉ እስከ ዘውዲቱ ሆስፒታል አደረሷቸው። ሎጋዋ ከመንጋቱ በፊት ተወለደች። በሦስተኛው ቀን እማማ ሂሳቡን ሊከፍሉ ሲሉ አባትሽ «እሷ ስታድግ ዳቦ ታስቆርሰኛለች» ብለው እምቢ አሉ። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር ዳቦውን የሚባርኩትና የሚቆርሱት ለዚህ ነበር። እኛ ልጆች ሆነን ለምን እሳቸው እንደሆኑ ጠይቀን አናውቅም። አንቺ ታውቂ ነበር? ከነገሩሽ ለእኔ አልነገርሽኝም።

ሎጋዋ ፊቷን በእጇ ሸፍና ቀረች። ዳቦውን በመጨረሻ ራሷ ቆረሰችው፤ እማማ እጃቸውን በእጇ ላይ ጭነው «ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን» እያሉ። አስተናጋጁም፣ ኃላፊውም፣ በአጠገባችን የተቀመጡት ወጣቶችም ደረሳቸው።

ከዚህ በኋላ ነው እማማ ወደ እኔ የዞሩት። «የእሳቸው ልጅ፣ ያቺ ድሬ ዳዋ ያለችውስ? ትገናኛላችሁ አይደል? እናንተማ እንደ መንትያ ነበራችሁ» አሉኝ። «ደህና ናት፣ እማማ» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ከዳቦው ከወደ ዳር፣ ቅርፊቱ ከሚበዛበት፣ አንድ ቁራሽ አነሡ። ከኮባው ላይ ቀድደው ጠቀለሉትና እጄ ላይ አኖሩት። «ይህ የእሷ ድርሻ ነው። መንገደኛ ሲገኝ ላኪላት።»

ስለ ሂሳቡ ብዙ አልጽፍልሽም። አንድ በርገር ከ600 ብር በላይ በሚሸጥበት ቤት አሥራ አራት ሰው እራት ሲበላ፣ ቫቱና የአገልግሎቱ ተጨምሮበት፣ ምን ያህል እንደሚሆን ትገምቻለሽ። ሎጋዋ «ጋባዧ እኔ ነኝ» ብላ ብትቆጣም እኛ ቀደም ብለን በቴሌብር አዋጥተን ነበር። እማማ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ሲጀምሩ ሁላችንም ተነሥተን ለመንናቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያቺን ቁራሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አልተኛሁም።

አባትሽ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሲያርፉ መርዶው የደረሰኝ ቢሮ ሆኜ ነው። አዲስ ሥራ ከያዝኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ፈቃድ ለመጠየቅ ፈራሁ። ሌሎቹ በዚያው ሌሊት ተሰባስበው ወደ ድሬ ሲነሡ እኔ «ለአርባው እሄዳለሁ» ብዬ ቀረሁ። በአርባው ልጄ ታመመብኝ። ለሰማንያው ደግሞ «አሁን ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ» የሚል ሐሳብ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሥራም በሽታም አልነበረም የያዘኝ፤ ኀፍረት ብቻ ነበር። አንቺ ሁለት ጊዜ ደውለሽልኝ ነበር። አየሁት። አላነሣሁትም። በጭስ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው ሰው ያደረሱ ሰው ሲቀበሩ እኔ ወንበሬን ፈርቼ ቀረሁ። ከአባቴ ሞት በኋላ የትምህርት ቤት ጫማዬን የገዙልኝ እሳቸው መሆናቸውንም ዛሬ ልጽፈው እንጂ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በደልኩሽ፤ ይቅር በዪኝ። ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበለው፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን ይማርልን።

ትናንት እማማ ደወሉና «ዳቦው ደረሳት ወይ?» አሉኝ። ከዚህ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጥተው ስልኩን የሚዘጉት መስሎኝ ነበር። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ መንገደኛ ምን ያደርግልሻል? አንቺው ውሰጂላት እንጂ» አሉኝ።

ቁራሹ እንዳይሻግት በስስ በስሱ ቆርጬ በምጣድ ላይ አደረቅኩት። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ ኮባውንም አልጣልኩትም። በታኅሣሥ አጋማሽ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት አስፈርሜዋለሁ። ከፉሪ ለቡ ባቡሩ ቲኬት ካገኘሁ በባቡር፣ ካጣሁ በአውቶቡስ እመጣለሁ። መጀመሪያ ወደ መቃብራቸው ውሰጂኝ፤ ከዚያ ቤትሽ ታስገቢኝ እንደሆነ አንቺ ትወስኛለሽ። አትምጪ ካልሽም አልቀየምሽም፤ ቆርቆሮውን በሰው እልክልሻለሁ፣ ድርሻሽ ነውና።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ደውለሽ «ነይ» በዪኝ፣ ወይም አንዲት መስመር ላኪልኝ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ።

የካዛንቺሷ እህትሽ