ከስኩተሩ በፊት ማቆሚያው

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፦

በአዲስ አበባ ከኮሪደር ልማቱ ጋር የብስክሌት መንገድ ስለተሠራ «እንግዲህ የኪራይ ኤሌክትሪክ ስኩተርም ይግባ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቆመው የሚነዱትን፣ በስልክ ተከራይተው በደቂቃ የሚከፍሉበትን ባለ ሁለት ጎማ ማለታቸው ነው። ይግባ፤ እኔም አልቃወምም። ግን ሰው ስኩተር የሚጠላው ብዙውን ጊዜ ሲነዳ አይቶ አይደለም፤ በእግረኛ መንገድ ላይ ተጋድሞ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ከስኩተሩ በፊት መነጋገር ያለብን ስለ ማቆሚያው ነው።

የፓሪስ ነገር ይህን ያሳያል። ስኩተሮቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ሲገቡ የጠበቃቸው ሕግ አልነበረም። በዓመቱ ኩባንያዎቹ ደርዘን፣ ስኩተሮቹም 20,000 ገደማ ደረሱ። ቅጣት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእግረኛ መንገድ ለነዳ 135 ዩሮ፣ መተላለፊያ ዘግቶ ላቆመ 35 ዩሮ። በ2020 ኩባንያዎቹ ወደ 3፣ ስኩተሮቹ ወደ 15,000 ዝቅ አሉ፤ የማቆሚያ ቦታም ተሰመረላቸው። በ2021 ደግሞ በብዙ ሰፈር ፍጥነታቸው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተደረገ። ሁሉም ደግ ሥራ ነበር፤ ቂሙ ግን ቀድሞ ተቋጥሯል። ኤፕሪል 2 ቀን 2023 ሕዝቡ ሲጠየቅ ድምፅ ከሰጠው 89 በመቶው «ይውጡ» አለ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከ100 መራጭ 8 እንኳ አይሞላም፤ ያውም የከተማዋ ማራቶን በሚሮጥበት እሑድ። የተማረረ ሰው ማራቶንም አያስቀረው! በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ የኪራይ ስኩተሮቹ ተጠራርገው ወጡ። የግል ስኩተር ግን ዛሬም ይነዳል።

ነጂው ለምን ያገኘበት ጥሎ ይሄዳል? ሒሳቡ በደቂቃ ስለሚቆጥር ነው። ማቆሚያ ፍለጋ 50 ሜትር ቢሄድ ከኪሱ ይወጣል። «በጂፒኤስ እንቆጣጠረዋለን» የሚለው መልስም ብዙ አያስኬድም። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ጂፒኤስ 5፣ 10 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስታል፤ የእግረኛው መንገድ ደግሞ ብዙ ቦታ ስፋቱ ጥቂት ሜትር ነው። ስለዚህ ስኩተሩ አስፋልት ዳር ይቁም ሱቅ በር ላይ፣ ስልኩ ለይቶ አያውቅም።

ከዚህ የሚሻለው ብረት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የኪራይ ስኩተር ሁሉ ከብስክሌት ማሰሪያ ወይም ከምልክት ምሰሶ ጋር በቁልፍ እንዲታሰር አድርጋለች። ችግር አያጣውም፤ ማሰሪያው በስኩተር ሲሞላ ባለ ብስክሌቱ ቦታ ያጣል። ቢሆንም የታሰረ ስኩተር መንገድ ላይ አይጋደምም። የኪራይ ስኩተር 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንዲት እናት አንስቼ ላቁመው ቢሉ በቀላሉ የሚነሳ አይደለም። ዓይነ ስውር ደግሞ ቆሞ ሲያገኘው በትሩ ከመርገጫው ሥር ሊያልፍና መሪው ደረቱን ሊመታው ይችላል።

ለአዲስ አበባ ስሌቱ ከባድ አይደለም። 5 ሜትር ርዝመት ያለው የአንድ መኪና ማቆሚያ፣ ስኩተሮቹ በ45 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በጎን ቢደረደሩ 11 ይይዛል። ቦታው ከአስፋልቱ ይቆረስ፣ ከእግረኛው አንዲት ስንዝር አይነካ። ከመስቀለኛ መንገድ አጠገብ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ እንደ መኪና የተሻጋሪውን እይታ አይጋርድም። ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ በቸርችል ጎዳና፣ ባለ አንድ እግር መቆሚያ አያዋጣም፤ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይዞ ይወድቃል። ባለ ሁለት እግር ይሁን፣ አፍንጫውም ወደ ዳገቱ ይዙር። ሒሳቡ ደግሞ የሚዘጋው ቁልፉ ብረቱ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይሁን፤ እስከዚያ ይቁጠር። ያን ጊዜ ነጂው ማቆሚያውን ራሱ ይፈልጋል።

ጠባቂም አለን። በየመንገዱ መኪና የሚያስቆሙ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ስኩተሩንም ቢይዙ፣ ያለቀው ባትሪም እዚያው በተሞላ ቢቀየር፣ ኩባንያው ሌሊት በመኪና እየዞረ ከመልቀም ይድናል። መብራት ሲጠፋም የተሞላ ባትሪ በእጅ አለ።

የመንገዱን ጉድጓድ ግን ማንም ኩባንያ አይደፍንም። የብስክሌት ጎማ ከዳር እስከ ዳር 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የስኩተሩ 25 ቢሞላ ነው። ብስክሌቱ ተንገጫግጮ የሚያልፈው ጉድጓድ የስኩተሩን ጎማ ይውጠዋል፤ ነጂው ቆሞ ስለሚነዳ በመሪው ላይ ተሻግሮ በግንባሩ ይደፋል። ክዳኑ የተነሳ የውኃ መውረጃ ባለበት መስመር፣ በተለይ ክረምት ጎርፉ ሲሸፍነው፣ የስኩተር ኪራይ መክፈት የለበትም።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከኩባንያው ጋር ሲፈራረም አንድ አንቀጽ አይርሳ፦ በእያንዳንዱ ስኩተር ላይ የስልክ ቁጥር በትልቁ ይጻፍ፤ ወድቆ ያገኘ እግረኛ ከደወለ ኩባንያው በ2 ሰዓት ውስጥ ያንሳ፤ ካላነሳ ደንብ አስከባሪ ወስዶ ያስከፍለው።

አንድ የከተማ ትራንስፖርት ባለሙያ
ከአዲስ አበባ