የቡና ሥራ አስኪያጅ ሲሞት ምን ይጻፍለት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሐዘን ገጻችሁ ላይ የምታወጧቸውን የሕይወት ታሪኮች እዚህ ጅማ በጥሞና እናነባለን። እኛ በቡና ሥራ የምንገኝ፣ በየእድራችንም የሟች ታሪክ ሲዘጋጅ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚሰጠን ሰዎች ነን። ቅሬታችን አንድ ነው። ቡና ላኪ ድርጅት ለመራ ሰው የሚጻፈው ታሪክ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለባንክ ሥራ አስኪያጅም፣ ለሆቴል ባለቤትም ይሆናል። «ታታሪ፣ ቅን፣ ለቤተሰቡ ሟች» ይባልና ያልፋል። የሞተን ሰው «ለቤተሰቡ ሟች» ማለት ራሱ ጆሮ ይቆረቁራል።

ጥፋቱ የሐዘንተኛው አይደለም። ታሪኩ የሚጻፈው ቀብሩ ነገ ሊሆን፣ ድንኳኑ እየተተከለ፣ ጽሕፈት ይችላል በተባለ የእህት ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ያገኘው የሥራ ማመልከቻ ላይ የተያያዘውን የትምህርትና የሥራ ዝርዝር ነው፤ ገልብጦ ያነበዋል።

መጀመሪያ የሚበላሸው ዕድሜ ነው። የልደት ዘመን ከፓስፖርት በፈረንጅ ይወሰዳል፣ የሞት ዘመን በእኛ ይጻፋል፣ ሁለቱ ይቀናነሳሉ። በጥር 1948 ተወልዶ በኅዳር 2017 ያረፈ ሰው 68 ዓመቱ ነው። ፓስፖርቱ ግን 1956 ስለሚል ከ2017 ሲቀነስ 61 ይመጣል፤ ሰውየው 7 ዓመት ተበላ ማለት ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ 8 ዓመት ነው፤ ታኅሣሥ 22 እንደ ዘመኑ ይለያያል። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ሳይመልሱ መቀነስ አይገባም።

ቀጥሎ ሥራው። «ድርጅቱን በብቃት መርቷል» ምንም አይነግርም። የቡና ሰው የሚለካው በክፉ ዓመት ነው። በ1981 የዓለም የቡና ኮታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ላኪ አገር የሚሸጠውን መጠን የሚወስነው ስምምነት፣ ሲፈርስ የት ነበር? በ1994 ዋጋው አፈር ሲልስ ሠራተኛ በተነ ወይስ ያዘ? በ2001 ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ አሠራሩን እንዴት ቀየረ? ከእነዚህ አንዱን የመለሰ ታሪክ ከአሥር የምስጋና ወረቀት ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ቡና መፈልፈያ ጣቢያው መውረድ ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት ቡና ከገበሬው ተሰብስቦ የሚደርሰው ወደ ማታ ነው። በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ፣ ማለትም ቀይ ልጣጩ በመፈልፈያ ማሽን ካልተላጠ፣ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይበላሻል። መፈልፈያው በደንብ ሳይጠረግ የትናንት ፍሬ ከቀረበት የዛሬውን ይበክላል፤ በቅምሻ ጊዜ አፍንጫ የሚያስይዘው ሽታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። የተፈለፈለው ቡና ሙልጭልጩ እንዲለቅ ማብላያ ገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። መድረሱን ሰዓት አይናገርም፤ ፍሬው በመዳፍ ሲታሽ ሙልጭልጩ ለቆ እንደ ጠጠር መንኮሻኮሽ አለበት። ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ በስሱ ነው፤ ቀትር ላይና ማታ እየተሸፈነ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። እርጥበቱ ወደ 11 ከመቶ ሳይወርድ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፤ ከልክ በላይ ከደረቀ ደግሞ ሲቀሸር፣ ማለትም ደረቅ ቅርፊቱ ሲነሳ፣ ይሰባበራል። የእርጥበት መለኪያ በሌለበት አንድ ፍሬ በጥርስ ይነከሳል፤ ጥርስ ከሰመጠበት ገና ነው።

ታዲያ ሟቹ ሌሊት አልጋው አጠገብ ቆሞ ፍሬ የሚነክስ ሰው ነበር ወይስ ከተማ ሆኖ ብድርና የውጭ ገዥ የሚያሳድድ? ሁለቱም ሥራ ነው፤ ሰዎቹ ግን አይመሳሰሉም። ይህን የሚያውቀው ቦርዱ አይደለም። የሚያውቁት ሚዛን የያዘው ልጅ፣ ዘበኛውና አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ሁለቱን፣ ካስፈለገም በኦሮምኛ፣ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጥያቄውም ቀላል ነው፦ ሲቆጣ ምን ይል ነበር? ሚዛን ላይ ከገበሬው ጋር ክርክር ሲነሳ ለማን ያደላ ነበር?

ቁጥር ስትሰሙ አስሉት። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 300 ያህል ቢይዝ 18 ቶን ነው። «በየዓመቱ ሺህ ኮንቴነር የላከ» ከተባለ 18 ሺህ ቶን ላከ ተባለ። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ (ተቀሽሮ ለመላክ የተዘጋጀ) ቡና ወደ 6 ኪሎ እሸት ስለሚገባ፣ ሁሉም የታጠበ ቢሆን 108 ሺህ ቶን እሸት መሰብሰብ ነበረበት። ሁለት መፈልፈያ ጣቢያ ላለው ድርጅት ይህ ተረት ነው፤ ለቀስተኛው መሃል ደግሞ ሂሳቡን በጭንቅላቱ የሚሠራ የቡና ነጋዴ አይጠፋም።

«መሥራችና ባለቤት» የሚለውም ጠብ ያመጣል። ሥራ አስኪያጅ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል፤ ባለአክሲዮንም ብቻውን ባለቤት አይባልም። በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ስሙ በምን እንደሰፈረ ሳይታይ የተነበበ ቃል፣ በውርስ ጊዜ «በቀብሩ ዕለት ሁላችሁም ሰምታችኋል» ተብሎ ይነሳል።

አሁን ቤተሰቡ። የቡና ሰው ቤት የቡናን ወቅት ተከትሎ ነው የሚኖረው። መስከረም የልጆች ምዝገባና ደብተር ነው፤ ድርጅቱም ለእሸት ግዢ ብር የሚያሰባስበው በዚያው ሰሞን ነው። ብድሩ እስኪለቀቅ የቤቱን ወጪ ማን ያዘ? ብዙ ጊዜ መልሱ ባለቤቱ ናት፤ ታሪኩ ውስጥ ግን «ከወይዘሮ እገሊት ጋር ጋብቻ መሥርቶ» ተብላ አንድ መስመር ታገኛለች። በኅዳር መፈልፈያው ሲያመሽ ስንት ሰዓት ይገባ ነበር? እራት ማን ይጠብቀው ነበር? ክረምት ላይ ዝናቡ ጅማን ሲያጠግብ ሥራው ላላ ይላል፤ አባት ከልጆቹ ጋር የሚውለው ያኔ ነውና ልጆቹን ስለ ክረምት ጠይቁ። «ለቤተሰቡ ሟች» በሚለው ፈንታ «በኅዳር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገብቶም የትንሿን ልጁን ደብተር ሳያይ አይተኛም ነበር» የሚል አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይገኛል። እውነት ካልሆነ ግን አይጻፍ፤ ልጅቷ እዚያው ቆማ ትሰማለች።

የልጆች ዝርዝር ከመነበቡ በፊት ለበኩር ልጅና ለባለቤቱ ለየብቻ ይነበብላቸው። ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ ተንኮል ታስቦ አይደለም፤ ጸሐፊው ባለማወቁ ነው። ቁስሉ ግን ያው ነው። ርዝመቱ ከ400 ቃል አይለፍ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ለቀስተኛ ከ5 ደቂቃ በላይ አያዳምጥም። ቀብር በፍጥነት በሚፈጸምባቸው የሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ታሪኩ በለቅሶው ቀናት ረጋ ተብሎ ሊሰበሰብ ስለሚችል፣ ለጋዜጣ የሚላከው ከእነሱ ዘንድ ሲሆን የተሻለ ሆኖ አይተናል።

እናንተን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሐዘን ማስታወቂያ ስትቀበሉ በምታስሞሉት ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ «የልደትና የሞት ቀን በየትኛው አቆጣጠር?» እና «ጽሑፉን ከቤተሰቡ ማን አነበበው?»

ከአክብሮት ጋር
በቡና ሥራ ላይ ያለን የእድር አባላት፣ ከጅማ