በጎ ፈቃደኛ ስትጠሩ ተቀባይም መድቡለት

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የክረምት በጎ ፈቃደኞችን አቀባበል ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ክረምት በመጣ ቁጥር ወጣቱን ትጠሩታላችሁ፤ ወጣቱም ይመጣል። ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ከተመዘገበ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር ነው።

ከከተማችን የወጣት ማዕከላት በአንዱ ክረምት ክረምት ተማሪዎች አስጠናለሁ። ባለፈው ሐምሌ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሒሳብ ላስጠና ብላ መጣች። ዝናቡ አላባራም ነበር፤ በእጇ የጻፈቻቸውን መልመጃዎች በፌስታል ጠቅልላ በጃኬቷ ሥር ይዛለች። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጠች። በማግሥቱም መጥታ "ትንሽ ጠብቂ" ተባለች። በሦስተኛው ቀን ቀረች። የአራተኛ ክፍል ልጆቻችንም ክፍልፋይ እንደከበዳቸው ክረምቱ አለቀ።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ሰው ከመጥራቱ በፊት የሚታጨደውን ማሳ አይቶ ስንት ሰው እንደሚበቃው ያሰላል። ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ይጠብቃል። የመጣውም ሰው ማጭዱን ይዞ በየትኛው ጫፍ እንደሚገባ የሚያሳየው አያጣም። አባቶቻችን የሚያውቁት ይህ ወግ ማዕከሎቻችን ውስጥ መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

በእኛ ማዕከል መመዝገቢያው ስም፣ ፆታ፣ ቀበሌና ስልክ ይጠይቃል። ምን ሙያ አለህ፣ በየትኞቹ ቀናት ይመችሃል የሚል ቦታ የለውም። ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ልጅ ችግኝ ተከላ ሲላክ የቤተ መጻሕፍቱ መብራት እንደተበላሸ ከረመ።

ወደ ጣና ለእምቦጭ ነቀላ የሚወጡት ደግሞ ከሁሉም በላይ ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል። የአረሙ ቁራጭ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንዴት እንደሚነቀልና የተነቀለው የት እንደሚከመር ያልተነገረው ወጣት በቅን ልቡ አረሙን ሊያዛምት ይችላል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያም አለ። ቦቲና ጓንት ሳይኖር ማንንም ውኃ ውስጥ አታስገቡ።

የምጠይቃችሁ ብዙ በጀት የሚፈልግ አይደለም። በየማዕከሉ በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበል፣ ቁልፍ የሚይዝና ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይመደብ። ሰውየው ስብሰባ ከገባ ቁልፉ ለተተኪ ይሰጥ። መጀመሪያው ቀን ላይ ግማሽ ቀን ተሰጥቶ አዲሱ ሰው ቦታውን ይይ፣ ሥራው ይነገረው፣ ከነባር ጋር ይጣመር። ሕፃናትን የሚያስጠና ከሆነ መታወቂያው ይታይ፣ የሚያውቁት ሰዎች ይጠየቁ፤ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። ይህ መጠርጠር አይደለም፤ ልጁንም አስጠኚውንም ይጠብቃል። ያገለገለበት ሰዓት በየቀኑ ከተመዘገበ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ሥራ ሲፈልግ ይጠቅመዋል።

ያቺ ልጅ ዘንድሮም ከተማ ውስጥ ናት፤ ስልኳም አለኝ። እንድትመለስ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ከመደወሌ በፊት ግን የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚሆን አሳውቁኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር በጎ ፈቃደኛ አስጠኚ