ገመዱን ትተን ፕላስተሩን ያመጣን ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ሥራ ባህል ያወጣችሁትን ጽሁፍ ምሳ ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር እየተቀባበልን አነበብነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን «ሠራተኛው ለውጥ ይፈራል» የምትለዋ ቦታ ላይ ስንደርስ እርስ በርስ ተያየንና ሳቅን። እኔ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ መስኮት ላይ ተቀምጬ ባለጉዳይ ሳስተናግድ 17 ዓመቴ ነው። እኛ እኮ ያላየነው የለውጥ ዓይነት የለም።

ቢፒአር (የሥራ ሂደቱን ከሥሩ እንቀይር የሚለው) ሲመጣ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፣ በድልድሉ ቦታ ያጡት ትልልቆቹ «ተንሳፋፊ» ተብለው ኮሪደር ላይ ወንበር ይዘው ሲውሉ አይቻለሁ። ከዛ ቢኤስሲ የሚሉት የውጤት ምዘና መጣ፣ ከዛ የለውጥ ሠራዊት፣ ከዛ በቡድን በቡድን የምንሰበሰብበት አንድ ለአምስት (የኛ አምስት ውስጥ አንዷ ወሊድ ላይ ሆና ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዋ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን)። ሁሉም አመጣጣቸው አንድ ነው፣ ቢሾፍቱ ሆቴል ሦስት ቀን ስልጠና፣ ፓወርፖይንት፣ አበል፣ ስንመለስ በር ላይ ባነር። ባነሩ ዝናብ እስኪያነሳው እንሠራለን።

ካይዘንን፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻያውን የጃፓን ዘዴ፣ ግን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም እሱን የምር ወድጄው ነበር። ጃፓኖቹ እዚህ መጀመሪያ በ30 ፋብሪካዎች ሞከሩት፣ በ2004 ደግሞ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፣ እኛም ጋ አሰልጣኝ መጣ። አምስቱን «ማ»ዎች ተማርን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የተሰበሩ ወንበሮች ወጡ፣ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጠፈ፣ ስቴፕለር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ «ስቴፕለር» ብለን ጻፍን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሪፖርት ሄደ። አሰልጣኙ እንደዋዛ ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ መኪና ሲገጣጠም እያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገቡ ገመድ አለ፣ ችግር ካየ ይስበዋል፣ አለቃው ሮጦ ይመጣል፣ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ራሱ ይቆማል። እና ገመድ የሳበ ሰው አይቆጡትም። እኔ ፕላስተሩንማ አየሁት፣ ገመዱስ የታለ ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ አልጠየቅኩም።

ለምን እንዳልጠየቅኩ ስብሰባችንን ያየ ሰው ያውቃል። ኃላፊው ለአንድ ሰዓት ከሃያ ያወራል፣ ከዛ «አስተያየት ያለው» ይላል፣ ሁሉም ስልኩን ያያል፣ በመጨረሻ አንዱ ተነስቶ «ከሁሉ አስቀድሜ መድረኩን አመሰግናለሁ» ይልና ተቀምጦ ይቀራል። ስብሰባው ተበትኖ ቡና ልንጠጣ ስንወጣ ግን አፋችን ይከፈታል፣ እዛ ያለው ሐሳብ ቢሰበሰብ መሥሪያ ቤቱን ሁለት ጊዜ ያስተካክለዋል። አንድ ጓደኛችን የወረፋ ማሽኑ ለምን ስምንት ወር ሙሉ ተበላሽቶ እንደቆመ ስብሰባ ላይ ጠየቀ፣ በወሩ «ለሥራው ሲባል» ወደ ቅርንጫፍ ተዛወረ። በሱ ምክንያት ነው ያለ ሰው የለም፣ አይደለም ያለም የለም። ከዛ በኋላ ማን ይናገራል?

ሁሉም ነገር ደሞዝ ነው የሚል አይጠፋም። እሱማ እውነት ነው፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ትንሹ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ 6,000 ብር ሆነ ቢባልም የዚህን ከተማ የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው አይነገረውም። ግን ትልልቆቹ ባንኮች ሰፈር የምትሠራ ጓደኛዬ ከኔ በጣም የተሻለ ትከፈላለች፣ እሷም ስብሰባ ላይ ስልኳን ነው የምታየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ኃላፊ ተሾሙብን። በመጡ በሳምንታቸው ማንም ሳያውቅ ከፎቅ ወርደው የፕላስቲክ ወንበር ይዘው አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሳ። ምንም አልተናገሩም፣ እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ፣ ምክንያቱም በዛ ጠዋት ስንቱን ሰው «ነገ ተመለሱ» እንዳልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን የሰማሁት ያኔ ነው። ከዛ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቆመን ሃያ ደቂቃ የምንነጋገርበት ነገር ጀመሩ፣ መጀመሪያ የሚናገሩት ጥበቃና ጽዳቶች፣ ቀጥሎ መዝገብ ቤት፣ ከዛ እኛ፣ እሳቸው መጨረሻ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰኞዎች ዝም ዝም ነበር። በሦስተኛው እሳቸው ራሳቸው «ያ የዘገየው ደብዳቤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የተኛው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ኃላፊ እንዲህ ሲል ሰምተን አናውቅም፣ ወዲያው ጥበቃችን ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው «ሰዉ እኮ ፎቶና ኮፒ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው እናንተ ጋ ሲደርስ ነው፣ ዝርዝሩ ያለው ሦስተኛ ፎቅ፣ ለምን እኔ በር ላይ አልነግረውም?» አሉ።

በቃ ይሄው ነው። የዛኑ ቀን ዝርዝሩ በትልልቁ ተጽፎ በር ላይ ተሰቀለ። በቀን አስር ሰው ያለጉዳዩ የምመልሰው ሁለት ሦስት ሆነ፣ የሚሰድበኝም ሰው ቀነሰ፣ እኔም ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ መጮህ ተውኩ። በጀት የለው፣ አማካሪ የለው፣ ቢሾፍቱ የለው።

ኃላፊዋ በሁለት ዓመታቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። በሳቸው የማዝነው አንድ ነገር ነው፣ ያንን የሰኞ ንግግር የትም አላሰፈሩትም፣ የአሠራር መመሪያ ውስጥ ቢያስገቡት ኖሮ የሚቀጥለው ሰው ቢያንስ ለመሰረዝ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። በቃል የመጣ ነገር ስለሆነ በዝምታ ቀረ። አዲሱ ኃላፊ ስብሰባውን ወደ ላይ አዳራሽ መለሱት፣ የበሩንም ወረቀት «ደረጃውን የጠበቀ አይደለም» ብለው አስነሱና በምትኩ ስክሪን ተገጠመ። ስክሪኑ ጠዋት እስከ ማታ የተቋሙን ራዕይና ተልዕኮ ያሳያል። በ2017 የተከፈተውን መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሳይ ደስ ይለኛል፣ ወንበሩም ሥርዓቱም ያምራል፣ ግን እዛ መስኮት ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ሰኞ ሰኞ «ምን አየሽ?» የሚላት ሰው አለ ወይ እያልኩ አስባለሁ።

ጋሼ አሁንም በር ላይ ናቸው። ያኔ የተነሳውን ወረቀት አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውታል፣ ሰው ሲመጣ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡለታል፣ አለቃ ሲያልፍ መልሰው ይከቱታል።

ስሜን ባታወጡት ደስ ይለኛል፣ አሁን ያለሁበት ለልጆቼ ትምህርት ቤት ቅርብ ስለሆነ ቅርንጫፍ መሄድ አልፈልግም።

አንባቢያችሁ፣ ከብሔራዊ ቲያትር አካባቢ