ስምንት ልጅ፣ አንድ በረንዳ
ግልጽ ደብዳቤ ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ልጅ ነው። ጎረቤቴ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ከሁለት ዓመት በፊት የሦስት ዓመት ልጇን «እስከ ምሳ ያዢልኝ» አለችኝ፣ ያዝኩላት። ከዚያ ጓደኛዋ የራሷን አመጣች። ከዚያ አንድ የባጃጅ ሾፌር። ዛሬ ስምንት ደርሰዋል። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አምስት ሊሞላት ነው። ከዚራ ሰፈር፣ አያቴ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ የገባበት ቤት በረንዳ ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው የምናረፍደው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። ከ6 ሰዓት በኋላ የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም።

ምን እንደምንሠራ ግን ልንገራችሁ። ከደቻቱ ወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ አጥቤ ትሪ ላይ አነጥፋለሁ። «ሀ» በጣት ይጻፋል፣ በመዳፍ ይጠፋል። የተሳሳተ ልጅ ላጲስ አይፈልግም፣ አይሳቀቅምም። ቆርኪ ከየሱቁ ለቅመን በቀለም እንለያለን። (ለሦስት ዓመቱ ቆርኪ አልሰጥም፤ ወዲያው ወደ አፉ ነው።) ማክሰኞ ማክሰኞ በሲኒ ውሃ እየቀዱ አንድ ጆግ በስንት ሲኒ እንደሚሞላ ይቆጥራሉ። ግማሹ መሬት ላይ ስለሚፈስ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይለያያል። እነሱም በየሳምንቱ ይከራከራሉ።

ቆጠራውን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቀን ጠጠር ስንቆጥር፣ ሁለት ላይ አንዷ በኦሮምኛ «ለማ» አለች። አጠገቧ ያለው ልጅ በሶማልኛ «ለባ» አለ። ተያዩ። ሦስት ላይ «ሰዲ» አለች፣ «ሰዴሕ» አለ። አራት ላይ «አፉር» አለች፣ «አፈር» አለ። ቤታቸው አማርኛ የሆኑት «አፈር» ሲባል በሳቅ ሞቱ። አምስት ሲደርሱ ሁለቱም እኩል «ሸን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሦስት ቋንቋ ነው የምንቆጥረው። ይህን ያቀድኩት እኔ አይደለሁም፣ ከየትም መጽሐፍ አላመጣሁትም። ድሬ ስለሆነ መጣ።

ወላጆች አንዳንዴ ይቆጡኛል። «ደብተር የለም? የቤት ሥራ የለም?» ይላሉ። የጎረቤት ልጅ ኤል ኬጂ ገብቶ ሁለት ገጽ ኤ ቢ ሲ ዲ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እኔ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ ከመያዙ በፊት ጣቱ ይጠንክር ባይ ነኝ። ጭቃ ያቡካ፣ ሽምብራ ይልቀም። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አምና ፈቃድ ልጠይቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ያናገረኝም ወጣት ክፉ አልነበረም፣ ወንበር ስቦልኛል።

«መዋለ ሕፃናት ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ቤቴ ነው።»

«እንግዲያ የሕፃናት ማቆያ ነው?»

«ማቆየት ብቻ አይደለም፣ እንማራለን።»

ወረቀቱን ገለበጠ። የርዕሰ መምህር ቢሮ አለሽ? የመምህራን ማረፊያ? ለየዕድሜው የተለየ ክፍል? እኔ ቤት ርዕሰ መምህሯም፣ መምህሯም፣ ጽዳቷም እኔው ነኝ። የማርፈው ልጆቹ ሲሄዱ ነው። በመጨረሻ «እህቴ፣ ወይ መዋለ ሕፃናት ክፈቺ፣ ወይ ተዪው» ብሎ ሸኘኝ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ይኸው አሁንም ያለ ወረቀት እሠራለሁ።

ቁጥጥር ፈርታ ነው እንዳትሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሬን ያንኳኳ አንድ ተቆጣጣሪ አለመኖሩ ነው የሚያስፈራኝ። የከሰል ምድጃዬ የት እንደሚቀመጥ ያየ የለም። የሮቶው ክዳን ይታሰር አይታሰር የጠየቀ የለም። (ይታሰራል።) ሌላ ሰፈር አንዲት ሴት ሃያ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባ ቴሌቪዥን ፊት ልታውል ትችላለች። መዝገብ ላይ እኔና እሷ እኩል ነን፤ ሁለታችንም የለንም። እናትየዋ በምን ትለየን?

በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች። ደስ የሚል ነገር ነው። የ3 እና የ4 ዓመቱስ? የቀፊራዋ እናት ልጇን አዝላ ሁለት ዓመት ትጠብቅ? በ2002 ትምህርት፣ ጤና እና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አብረው ያወጡት ማዕቀፍ እኮ በማኅበረሰብ ለሚቋቋም መዋለ ሕፃናትም ቦታ ሰጥቶ ነበር። በረንዳዬ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ብር አልጠየቅኩም። አንድ ገጽ ቅጽ አውጡልን። አሥርና ከዚያ በታች ልጅ በቤቷ የምትይዝ ሰው ቀበሌዋ ላይ ትመዝገብ። በዓመት ሁለቴ ሰው መጥቶ ውሃውን፣ እሳቱን፣ ሽንት ቤቱን ይይ። ልጅ ትን ሲለው ምን እንደሚደረግ የሚያሳየን ባለሙያ ይምጣልን። ለአንድ ሰው ስንት ልጅ እንደሚበቃም ወስኑ። ስምንቱ ለእኔ ለብቻዬ ብዙ ናቸው፤ የእህቴ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ባታግዘኝ አልችላቸውም። ሁለቱን ቀንሺ ከተባልኩ እቀንሳለሁ፣ የትኞቹን እንደሆነ ግን እናንተ ምረጡ።

ቅጹ ላይ ስለ ደቻቱም አንድ መስመር ይኑር። ድሬ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ይመጣል። በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። የልጆቼ እናቶች ገበያቸው ከወንዙ ማዶ መጋላ ነው፣ ልጆቹ ወዲህ ከዚራ። አምና አንድ ቀን ስምንቱም እስከ ማታ 11 ሰዓት እኔ ጋ ውለዋል። ሽሮ ነበረኝ፣ በላን። ስልኬ ካርድ ባይኖረው ግን እናቶቹ ምን ይውጣቸው ነበር?

ስትመጡ ማክሰኞ ይሁንላችሁ፣ የውሃው ቀን ነው። ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ቁርስ ስለሆነ ማንም አያናግራችሁም። ጫማ የሚወልቀው በረንዳው ጥግ ላይ ነው። እኔን አንዱ ቲቸር፣ አንዷ አዳዳ፣ ሌላው ኤዶ ይለኛል፤ አዳዳ በኦሮምኛ፣ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። እናንተንም የፈለጉትን ይሏችኋል፤ «ክቡር» ግን የሚላችሁ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር
የስምንቱ ልጆች ቲቸር
ከዚራ፣ ድሬዳዋ