«2016» በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍልን

ይድረስ፦ በባሕር ዳር የተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ ለሚያረጋግጠው ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ተማሪዎች ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያቀርቡት ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) አጻጻፍ ላይ ያለንን ቅሬታ በቃልም በማመልከቻም ለቢሮዎ አቅርበናል። ያገኘነው መልስ «ፎርሙ እንዲህ ነው» የሚል ብቻ ስለሆነ አሁን በአደባባይ እንጽፋለን።

ከዘጌ በጀልባ የመጣችን አንዲት ተማሪ ትራንስክሪፕት ይመልከቱት። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነጥቧ ተዘርዝሯል። ማኅተሙ ግማሹ ፎቶዋ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ፊርማም አለው። 12ኛን የጨረሰችበት ዓመት ግን «2016» ተብሎ ብቻ ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የሚናገር አንድ ቃል የለበትም። ፓስፖርቷ በ2006 ተወለደች ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ በ10 ዓመቷ 12ኛን የጨረሰች ልጅ ያገኛል። ሰነዱን ካልጠረጠረ ደግሞ 8 ዓመት ያለ ትምህርት እንደተቀመጠች ይቆጥራል። ልጅቷ ከጎኑ 2023/24 ተብሎ እንዲጻፍላት ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ሁለቴም ባዶ እጇን ወደ ጀልባዋ ተመለሰች። ይህ በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«8 ይደምሩበት» ማለትም አይሠራም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። መስከረም 20 ቀን 1998 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ 2005 ነው፤ በግምት 8 የደመረ ጸሐፊ ግን 2006 ያደርገዋል። ያኔ የልደት ቀኑ በሁለት ሰነድ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ስምም እንዲሁ ነው። «ጸሐይ» ፓስፖርቱ ላይ በቲ እና በኤስ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በኤስ ብቻ ከተጻፈ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት የተማሪው ዕዳ ይሆናል። ፓስፖርት ያለው ልጅ ኮፒውን ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊው ከዚያ ላይ ይገልብጥ።

የማለፊያ ነጥብም አይጻፍም። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚቀይሩበት ቀመር ከፍተኛውን ነጥብና ዝቅተኛውን ማለፊያ ይጠይቃል፤ በነሱ 1 ምርጥ፣ 4 ማለፊያ ነው። ከፍተኛው 100፣ ማለፊያው 50 ሲሆን 85 ያመጣ ተማሪ 1.9 ያገኛል። ማለፊያው ስላልተጻፈ 60 ነው ብለው ከገመቱ ያው 85 ወደ 2.1 ይወርዳል። ወንበሩ ውስን በሆነ ትምህርት ክፍል ይህች ልዩነት ታስቀራለች።

ጊዜውን እርስዎም ያውቁታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታወቀው መስከረም አካባቢ ነው። በጀርመን በኦክቶበር የሚጀምረው የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ሴሚስተር ማመልከቻ ጁላይ 15፣ በእኛ ሐምሌ 8 ይዘጋል። ስለዚህ ማንም ባያዘገየውም ተማሪው አንድ ዓመት ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ውስጥ «ፈራሚው ስብሰባ ናቸው»፣ «ማኅተም ያዡ ፈቃድ ወጥቷል» እየተባለ ሐምሌ 8 ካለፈ ሌላ ዓመት ይጨመራል። የአይልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) ውጤት የሚያገለግለው ደግሞ 2 ዓመት ብቻ ነው። ቤተሰቡ በብድር የከፈለበት ፈተና እዚህ መስኮት ፊት ተቃጥሎ ያልቃል ማለት ነው።

በክልላችን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ እነዚህ ልጆች ፎርም መሙላት እንኳ አልቻሉም ነበር። ያንን ያሳለፈ ልጅ በአንድ መስመር ጽሑፍ መቅረት የለበትም።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ስም ከፓስፖርት ይገልበጥ፤ «ከፍተኛ 100፣ ማለፊያ 50» የሚል መስመር ከግርጌ ይግባ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲጠይቅ ሰነዱ ታሽጎ፣ የፖስታው ክዳን ላይ ማኅተም ተመትቶ ይሰጥ፤ ፈራሚው በሌሉ ቀን የሚፈርም ተወካይ ይኑር። የዘጌዋ ልጅ ወረቀት እስካሁን አልተስተካከለም። ሐምሌ 8 ሳይደርስ ታርሞ እንዲሰጣት፣ መልስዎንም በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።

ተማሪዎችን በውጭ አገር ማመልከቻ የምናግዝ መምህራን፣ ባሕር ዳር