ቤቱ ሞልቶ ሰው ብቸኛ ሲሆን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመጻሕፍት ገጻችሁ ላይ፣ ወደ አማርኛ ስለ ተመለሰ አንድ የውጭ አገር ልብ ወለድ የወጣውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ትርጉሙን ካመሰገኑ በኋላ የመጽሐፉ ጉዳይ እኛን እንደማይመለከት ይናገራሉ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት፣ በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም) ለብቻዋ የምትኖርና በ67 ዓመቷ ወዳጅ የምታገኝ ሴት ታሪክ፣ ዕድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ ባለበት አገር እንግዳ ነው ባይ ናቸው። መጽሐፉን እኔ አንድ ጊዜ ለራሴ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለጎረቤቴ እያነበብኩት ነው። ከዚህ ሁለተኛ ንባብ ወዲህ በአስተያየቱ መስማማት ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በባሕር ዳር ለረጅም ዘመን ሳስተምር ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን 66 ደፍኛለሁ። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ቤቴ ግን ባዶ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የእህቴ ልጅ አብራኝ ትኖራለች፣ ልጆቼ በየሳምንቱ ይደውላሉ፣ በበዓል ቀን መቀመጫ ይጠፋል። ስለዚህ ብቸኛ ነኝ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ብናገርስ ማን ያምነኛል?

እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ በዕድሜ ይበልጡኛል። አጥራችን አንድ፣ ዕድራችን አንድ፣ የምንጠጣውም የማርያም ማኅበር አንድ ሲሆን፣ ዓመታት ስንጎራበት ግን ሰላምታችን ረጅም፣ ጨዋታችን አጭር ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ክብሪት ሊበደሩ መጥተው በሻማ ሳነብ አገኙኝ፤ ፊደል ስላልቆጠሩ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ያገኙኝ፣ ባለታሪኳ በቀኑ ውስጥ የሰው ድምፅ ለመስማት ስትል ብቻ ሱቅ ሄዳ የማትፈልገውን ዕቃ የምትገዛበት ቦታ ላይ ነበር። አነበብኩላቸው። እትዬ ሳቁ፤ «ምነው፣ ጎረቤት የላትም?» አሉ።

በማግስቱ ግን ሳልጠራቸው መጡ። «እታለም፣ ትናንት ያነበብሽልኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እኔም እኮ ቡና ሳፈላ ሦስት ስኒ እደረድራለሁ፤ የሚጠጣበት ግን አንዱ ነው» አሉኝ። ስለ ባለቤታቸው ለቅሶ ሲያነሱም፣ «ዕድሩ ድንኳኑን ሲነቅል ሰዉንም አብሮ ነቅሎ የወሰደው መሰለኝ» አሉ። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ስለ ብቸኝነት ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም፤ በመጽሐፉም ውስጥ አላገኘሁም።

አስተያየት ሰጪው ብቸኝነትን የሀብታም አገር በሽታ አድርገው ማየታቸው አይገርመኝም። በ2010 ዓ.ም. እንግሊዝ ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር መሾሟን ስንሰማ እኛም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስቀንባታል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የማኅበራዊ ግንኙነት ኮሚሽን በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው ከገለጸ በኋላ፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ቁጥሩ 24 በመቶ ገደማ፣ በከፍተኛ ገቢ አገሮች ግን 11 በመቶ ገደማ መሆኑን ያመለክታል። ይህም የድሃ አገር ሰው የተሻለ ጎረቤት ስላለው ከዚህ ሕመም ነጻ ነው የሚለውን እምነታችንን ይገለብጠዋል።

ዕድርን ለመንቀፍ እንዳልተነሣሁ ይታወቅልኝ፤ ባለቤቴን በክብር የቀበረልኝ ዕድር ነው። ሆኖም የምንተዳደርበትን ደንብ መለስ ብዬ ሳየው፣ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፤ በሕይወት ያለ ጎረቤቱን ደጅ ዓመት ሙሉ ላልረገጠ ግን ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ሊጻፍም አይችልም፤ ወዳጅነት በመዋጮና በቅጣት አይመጣም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገንም ደንብ በማይደርስበት በዚህ ቦታ ይመስለኛል።

ባነበብኳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ነው፦ ሽምግልና ሊቀመጥ፣ ሊመርቅ፣ ሊያስታርቅ፣ ወይም ያለፈውን ሊተርክ። ራሱ የሚናፍቀው ሰው እንዳለ፣ አዲስ ባልንጀራ ሊያገኝና ሊቀየምም እንደሚችል ሲታሰብለት ያየሁት ጥቂት ነው። ቋንቋችንም ቢሆን ወዳጅነትን ለወጣትነት የሰጠው ይመስላል፤ አብሮ አደግ እንላለን፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ እንላለን፣ ሚዜ እንላለን። በ66 ዓመቴ ያገኘኋቸውን ሰው ግን ልጆቼ አሁንም «ጎረቤትሽ» ይሏቸዋል። «ባልንጀራ» የሚለው ቃል ባለ እንጀራ ከሚለው የመጣ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እንደዚያ ከሆነ ከአንድ መሶብ በየምሽቱ የምንቆርስ እኔና እትዬ ስሙ ይገባናል።

አስተያየት ሰጪው ሳይነኩት ያለፉት የመጽሐፉ ድክመት ደግሞ አለ። በሦስተኛው ምዕራፍ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች በአምስተኛው ምስጢር ይለዋወጣሉ። በእኛ ዘንድ ይህ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቷል፤ ያዘገየንም ይሉኝታ ነው። እትዬ ደጃፌ ድረስ መጥተው «ምን አጥታ ነው ዘወትር የምትመላለሰው ይሉኛል» እያሉ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሱ የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔም በበኩሌ፣ ልጆቿ ጥለዋት ነው እንዳይባል ስል መጽሐፍ ላንብብልዎት የሚል ሰበብ ባላገኝ ኖሮ አልጠራቸውም ነበር። የውጭዋ ባለታሪክ የሚያግዳት የተዘጋ በር ነው፤ የእኛ በር ክፍት ሆኖ ይሉኝታ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሊጽፍልን የሚችል የራሳችን ደራሲ ብቻ ነው። የመጽሐፉን መጨረሻ፣ ሁለቱ ሴቶች ቤት ሸጠው ዓለምን ሊዞሩ የሚነሡበትን ማለቴ ነው፣ እትዬ ከጅምሩ አልተቀበሉትም። «ቤት ተሽጦ ሽርሽር?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። እትዬ የዘጌ ልጅ ናቸው፤ በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት፣ ቡናና ጌሾ፣ ሎሚም የሚለቀምበት አገር። በልጅነታቸው ከአንዲት እኩያቸው ጋር በደንገል ታንኳ ሎሚ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ይመጡ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ሲቆጣ፣ አንዷ የገባውን ውኃ ስትቀዳ ሌላዋ ትቀዝፋለች። ሁለቱም ሲዳሩ ተለያዩ። ከዚያ በኋላ እትዬ ያወቋቸው ሰዎች ሁሉ የባላቸው ዘመድ፣ የባላቸው ጎረቤት፣ የባላቸው ወዳጅ ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱም አብረው ራቁ። የብዙ እናቶቻችን ብቸኝነት የሚጀምረው በእርጅና ሳይሆን በሠርጋቸው ዕለት እንደሆነ ያስተዋልኩት ይህን ሲያወጉኝ ነው፤ አስተያየት ሰጪው ግን ጉዳዩ የእኛ አይደለም ይላሉ።

አንድ ልመና ብቻ ይቀረኛል። ከልብ ወለድ ቅንጫቢ ስታወጡ፣ ፊደሉን ከፍ አድርጋችሁ ብታትሙልን ደስ ይለኛል፤ በሻማም በመነጽርም የማነበው ለሁለት ሰው ነው። መጽሐፉ አርባ ያህል ገጽ ቀርቶታል። እትዬ፣ ባለታሪኳ ቤቷን እንደምትሸጥ ከልጆቼ አስቀድመው ሰምተው ስለ ተቀየሙ ከትናንት ወዲያ አቁመነዋል፤ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ግን «ምናልባት ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል፣ እስቲ እንየው» ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር